ንቅንቅ የማይል አቅጣጫ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ላሊበላ ገባሁ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ቀጥሎ ትልቁን ሻንጣ አየ፤ ከዚያ እንደገና እኔን አየ። ለክረምቱ ነው የመጣሽው ወይስ ለሁልጊዜ ብሎ ሊጠይቀኝ ፈልጎ፣ መንገዱ እንዴት ነበር አለኝ። በአውሮፕላን የመጣ ሰው ስለ መንገድ ምን ይላል? ደመና ይበዛበታል አልኩት። ሻንጣውን አንሥቶ ፊት ፊት ሄደ። ቤት እስክንደርስ ስለ ዝናብ ብቻ ተነጋገርን። ሁለታችንም ስለ ዝናብ ያለን እውቀት ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ።

ይህን ደብተር የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። ለንዴት ማስቀመጫ ይሆነኛል ብዬ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነውን መረጥኩ።

ሐምሌ 5

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ መስከረም ላይ ተሰብስቦ «ነበረች» እስኪል ድረስ ነኝ። ክሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። የልኬት ውጤት አዛብታለች። ስህተቷን እንድታርም ብትጠየቅ እምቢ ብላለች። ሁለተኛው እውነት ነው።

መልሴን በጽሑፍ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ማስገባት እችላለሁ። መልሴ ካላሳመናቸው ትምህርቴ ይሰረዛል፤ የለካሁትም ነገር በሌላ ሰው ስም፣ ያውም ተገልብጦ፣ ይታተማል። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ መገልበጡ ነው። የሚሰርቅ ሰው ቢያንስ የሰረቀውን እንዳለ ይሸከም።

ሐምሌ 8

እናቴ ለጎረቤት ሴቶች «ዕረፍት ላይ ነች» ብላለች። አባቴ ደግሞ ለወንዶቹ ያስረዳል። ዛሬ አቶ ይታገሱ፣ ጎረቤታችን፣ በረንዳው ላይ ዝናብ አስጠልሏቸው ልጅህ የምታጠናው ምንድን ነው አሉት። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ድንጋይ ሲበርደው ምን እንደሚሆን ነው» አለ አባቴ።

አቶ ይታገሱ አሰቡበት። «ታዲያ ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ይኮማተራል። ብርዱ ሲብስበት ደግሞ ያብጣል።»

«እሱማ እኛም እንዲሁ ነን» አሉ አቶ ይታገሱ።

ወጥቼ ላርማቸው አሰብኩ። ሳስበው ግን ብዙም የሚታረም አልነበረውም።

ለራሴ ግን በትክክል ልጻፈው። ድንጋይ አይደለም። ከካርቦንና ከድኝ ሞለኪውሎች የተሠራ ክሪስታል ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ። ውስጡ እንደ ጋቢ ድርብ ነው። አንዱ ንብርብር ኤሌክትሮኖች የሚሮጡበት፣ ቀጣዩ ጨው የተሰደረበት፣ ከዚያ እንደገና የሚሮጡበት። ስለዚህ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሂሊየም ቀስ እያልን ስናቀዘቅዘው ግን አንድ ቦታ ላይ ሩጫው ድንገት ይቆማል። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ከመገፋፋታቸው የተነሣ እያንዳንዱ በየቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ብረት የነበረው ነገር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ይሆናል።

የኔ ጥያቄ ስለ ቤቱ ነው። ሯጮቹ ሲቆሙ ቤቱ ራሱ ምን ይሆናል? መልሱ፣ በጥቂቱ ይለጠጣል የሚል ነው። ከላሊበላ እስከ ብልባላ ያለው መንገድ በአንድ ክንድ የረዘመ ያህል። ያን ያህሏን ለማየት ክሪስታሉን በሁለት ሳህኖች መካከል አጣብቀሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ ስትጠብቂ ማደር ነው።

ሁሉም ሰው የጠበቀው፣ ሞለኪውሎቹ አጥብቀው በሚነጋገሩበት አቅጣጫ ለውጡ ይበዛል ብሎ ነው። ጠንካራው አቅጣጫ እንለዋለን። ለካሁት። በዚያ በኩል ንቅንቅ አይልም። ዜሮ። ዝላዩ ያለው በተሻጋሪው አቅጣጫ ነው፤ ማንም ባልጠበቀው በኩል። በንብርብሮቹ መካከል ያለው የጨው ሰንሰለት የሚሮጠው ወደዚያ ስለሆነ ነገሩን የሚጎትተው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ነው። ዜሮው ግን ጥርጣሬ አይደለም፤ ዜሮው የኔ ነው።

ሐምሌ 13

ዝናብ። መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ቅዱስ ሰው ሊያደርጉኝ ነው መሰለኝ።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳታየኝ፣ «ያ ጀርመን አብሮሽ የነበረው ልጅ ደህና ነው?» አለች። የትኛው ልጅ አልኳት። «አንድ ብቻ አይደል ስሙን የምታነሽው?» አለች።

ላነሣው አልፈልግም።

ሐምሌ 17

ኢያቄም ይባላል። ላነሣው አልፈልግም ብያለሁ፤ ግን እሱ ከሌለበት ነገሩ አይገባም።

ዶክትሬቱን የጀመርነው በአንድ ዓመት ነው። ልኬቱን ልንሠራ ወደ ጀርመን የላኩን አብረን ነው። እዚያ የነበረውን ክረምት ሂሊየም ሲያልቅ አብረን ተናደድን፤ ሲመጣ አብረን ተደሰትን። ክሪስታሉን በችኮላ ካቀዘቀዝነው ውስጡ እንደተዘበራረቀ ይደርቃል፤ ስለዚህ በዝግታ ነበር የምንሄደው። እኔ ሰዓቴን ስጠብቅ እሱ ሻይ ያፈላ ነበር። ስኳር የሚያበዛ ሰው ነው። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም።

የሰኔው ስብሰባ። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ፣ አማካሪያችን፣ የልኬቴን ግራፍ ግድግዳው ላይ አበሩና «እዚህ ላይ አቅጣጫዎቹ ተለዋውጠውባታል» አሉ። አልተለዋወጡም አልኩ። ፎቶው ይመሰክራል አሉ። የቱ ፎቶ? የክሪስታሉ። ምን ይመሰክራል? «አይተሽ ካልታየሽ እኔ ብነግርሽ ምን ይጠቅምሻል» አሉ። ከዚያ የሁለቱን መስመሮች ቦታ አለዋወጡ። በአንድ ጠቅታ ዝላዩ ሁሉም በሚጠብቀው በኩል ሄደ፣ ዜሮው ማንም ግድ በማይሰጠው በኩል።

የሚጠበቀውን ለማግኘት ከሆነ ጀርመን ድረስ መላክ ለምን አስፈለገ፣ እዚሁ መሳል ይቻል ነበር አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ዶክተር አልሳቁም።

ኢያቄም አጠገቤ ነበር። ክርኖቻችን ይነካካሉ። ከእኔ ሌላ ያንን ዜሮ በዓይኑ ያየ ሰው እሱ ብቻ ነው። ጫማውን አየ። ዶክተር ሲጠይቁት «እንግዲህ ፎቶው ላይ...» ብሎ አቆመ።

ያንን ፎቶ ስልኬ ላይ ሳገላብጠው ከረምኩ። ክሪስታል አለ። ጠርዙ ላይ እኔው የቀባኋት የብር ቀለም ነጥብ አለች፤ ከቀዘቀዘው ዕቃ ስናወጣው በየት በኩል እንደነበረ እንዳይጠፋን። ሌላ ምንም የለም። ምንድን ነው የሚመሰክረው?

ሐምሌ 21

ፈትሂያ ጋ ሄድኩ። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ነች፤ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት አላት። በሶላር የሚሠራ ባትሪ ስላላት መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማው እሷ ጋ ይሰበሰባል። «አማን ነው ዶክተርዬ» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም አልኳት። «አብሽሪ፣ እኛ ሰጥተንሻል፤ የእነሱ ወረቀት ይቆየን» አለች።

ስልኬ ኔትወርክ እንዳገኘ ያልተነሡ ጥሪዎችን ያዘንብ ጀመር። ሁሉም ከአንድ ሰው ነው። ፈትሂያ በትከሻዬ አሻግራ አየች።

«ይኼ ሰው ዕዳ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው አለብሽ።»

ስልኩን አጠፋሁት። ይቅርታ ሊል ነው። ጫማውን ያይና ለጫማው ይንገረው።

ሐምሌ 28

መልሱን ጻፍኩ። ሰባት ገጽ። ፈትሂያ ስታትመው አነበበችው፤ አታንብቢ ብላት የምትሰማ ሴት አይደለችም።

«ይኼ መልስ ነው ዛቻ?» አለች።

ሳይንሳዊ መልስ ነው አልኳት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችና ጮክ ብላ አነበበች። «‹እርስዎ በዕድሜዎ ገፍተው ያልጨረሱትን እብሪት ለተማሪዎችዎ ማውረስዎ...› ወላሂ የትናየት፣ እንዲህ በአንቱታ ሲሰደብ ሰምቼ አላውቅም።»

ምን ላድርግ። ተናድጄም አንተ አይወጣኝም። እናቴ ናት ያሳደገችኝ።

ሰባቱን ገጽ ትቻቸው መጣሁ። ጀርባቸው ንጹሕ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ታደርግባቸዋለች። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ሰሞኑን በከተማው የልደት ምስክር ወረቀቶች ጀርባ ላይ ይዞራሉ።

ነሐሴ 2

የፍልሰታ ጾም ትናንት ገባ። ጭጋግ። ሰዎች ሲያልፉ ድምፃቸው ቀድሞ ይመጣል።

አዲስ መልስ ጀመርኩ። «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ» ከሚለው አላለፍኩም።

ነሐሴ 6

ኢያቄም ጽሑፉን ላከልኝ። ለኅትመት ሊላክ የተዘጋጀውን። ከእሱ የተጻፈው «እባክሽ አንብቢው» ብቻ ነው። ለምንድን ነው የላከልኝ? ሊያሳየኝ ነው፤ እዪ፣ ያለ አንቺም ያምራል ሊለኝ።

ክሪስታሉ ተስሏል። ነጥቧ ባለችበት በኩል ቀስት ወጥቶ «ጠንካራው አቅጣጫ» ተብሏል፣ ዝላዩም በዚያ በኩል። የደራሲዎች ስም ሁለት፤ የዶክተርና የእሱ። ከታች፣ ምስጋና በሚለው ስር፣ ለየትናየት ታፈረ ለቴክኒክ እገዛዋ ይላል።

እገዛ። ክሪስታሉን ለሳምንታት በብርጭቆ ውስጥ፣ ጠረጴዛው እንዳይነካ እየለመንኩ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በር ሲጋጭ የምጮኸው እኔ ነኝ። እገዛ።

አባቴ ምን ሆንሽ አለኝ። አመሰገኑኝ አልኩት። «ታዲያ ይህ ያስለቅሳል?» አለ። አላለቀስኩም። ጢስ ነበር። ምድጃው ግን አልተቀጣጠለም ነበር፤ እሱ እንዳላየ ሆነ።

ነሐሴ 11

እናቴ ቅዳሴ ጎትታ ወሰደችኝ። «እግዚአብሔርን ካኮረፍሽ እሱን ራሱን ንገሪው፣ እኔን በፊትሽ አታስፈራሪኝ» አለች።

መንገዱን ሙሉ ስለ ቀስቱ እያሰብኩ ነበር። ደብራችን ግቢ ገብተን እናቴ ከጎረቤት ጋር ስትሳሳም እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ፤ የት እንደምሄድ ልብ አላልኩም። የሰሜኑ በር ላይ አንድ መቋሚያ ፊቴ ተጋደመ። አባ ቃለሕይወት ናቸው፤ የንስሐ አባታችን።

«የታፈረ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጀርመኖች ሴቱን በዚህ ነው የሚያስገቡት?»

ይቅርታ አባ አልኳቸውና ፊቴ እንደ በርበሬ እየነደደ ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያኑን ከበብኩና በደቡቡ በር ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የገባሁበት በር ነው። በእናቴ ነጠላ ስር ተሸጉጬ፣ ጫማ አውልቄ፣ ሁልጊዜ በዚያ። እንደገባሁ ሰውነቴ ራሱ ቦታውን ያዘ። በሩ ከኋላዬ። ምሥራቅ በቀኝ እጄ።

ቀኝ እጄን አየሁት።

ተከትላኝ የገባችው እናቴ ቆነጠጠችኝ። ስቄ ነበር ለካ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ያው ዕለት፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

የላብራቶሪው ደንብ እንዲህ ነው። ነጥቧ የምትቀባው በጠንካራው አቅጣጫ ጫፍ ላይ ነው። ነጥቧን ያየ ሁሉ ጠንካራው አቅጣጫ ወደዚያ እንደሆነ ያውቃል። ይህንን የመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። አዎ ብያለሁ። ጽፌዋለሁም።

ማይክሮስኮፑ ስር ክሪስታሉን ሳስቀምጥ ግን እጄ የሚያውቀው አንድ ሕንፃ ብቻ ነው። ጠንካራውን አቅጣጫ፣ ዋናውን፣ መቅደሱ ባለበት በምሥራቅ፣ በቀኜ አደረግሁት። ነጥቧን ደግሞ ወደ ራሴ፣ ወደ ሆዴ በቀረበው ጠርዝ ቀባኋት። በደቡብ። በእኔ በር። ክሪስታሉ ውስጥ የምገባበት በር አድርጌ። አስቤ አይደለም። ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ያስባል? ለዚህ ነው ፎቶውን ስንት ጊዜ ባየው ምንም ያልታየኝ። ነጥቧ መሆን ያለባት ቦታ ነበረች።

እንግዲህ ዶክተር ፎቶውን አዩ። ነጥቧ በተሻጋሪው ጠርዝ ላይ ናት። በእሳቸው ደንብ ያ ጠንካራው አቅጣጫ ነው። የትናየት አለዋውጣለች አሉ። ዋሽተው አይደለም ያሉት። ይህን መጻፍ ጥርሴን ያመኛል።

ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ግማሹ ብቻ። በር አይቶ አቅጣጫ ነው ያለ ሰው፣ የባለቤቱን ቃል አንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችል ነበር። «አይተሽ ካልታየሽ» ማለት ጥያቄ አይደለም።

ልኬቱ ግን ትክክል ነው። የሚያረጋግጥም መንገድ አለ፤ ቀላል ነው። ክሪስታሉን ነጥቧ ሳትነካ ኤክስሬይ ውስጥ ማስገባት። ሞለኪውሎቹ በየት በኩል እንደተሰለፉ ያሳያል፤ ነጥቧ በየት በኩል እንዳለች ይታያል፤ አለቀ። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ማንም ያልሠራው ፎቶው በቂ ነው ስለተባለ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተለካ ክሪስታል ለሌላ ሥራ ሲፈለግ በፈሳሽ ታጥቦ ነጥቡ ይጠፋል። ሰኔ ላይ ዶክተር ይጸዳ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነጥቧ ከጠፋች የኔ ቃል ብቻ ይቀራል፤ የኔን ቃል ደግሞ ማን ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ክሪስታሉ ያለው አዲስ አበባ፣ ኢያቄም እጅ ነው።

ነሐሴ 12

ኔትወርክ የለም። አልደወልኩም።

ነሐሴ 13

ኔትወርክ አለ። ዝናብ ነበር። አልደወልኩም።

ነሐሴ 14

ዝናብ የለም። ጾም ነው፤ በጾም መቆጣት አይገባም። ብደውል እቆጣለሁ። ስለዚህ ለነፍሴ ብዬ።

ነሐሴ 17

አሸንድዬ። ከትናንት ጀምሮ ከተማው የልጃገረዶች ነው። ወገባቸው ላይ ቄጤማውን አስረው በየደጁ እየገቡ ይጨፍራሉ። እኛ ደጅ ሲደርሱ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ለዕድሜዋ ያልሆነ ምላስ ያላት፣ ስሜን ግጥም ውስጥ አስገብታ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ሙሽራው ጡረታ ይወጣል አለች። እናቴ ከሁሉም በላይ እሷን ሸለመቻት።

ፈትሂያ ልታይ መጥታ ነበር። ስለ ነጥቧ ነገርኳት። የበሩን ነገር ሰምታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»

ጾም ነበር አልኳት።

«እኔ ነኝ አንቺን የማስጾምሽ!» አለችና ስልኬን ከእጄ ነጠቀች። ደወለች። ሲነሣ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ውጭ ከበሮ ስለነበረ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«አቤት» አለ። ስልክ ሲያነሣ እንደ ተጠራ ተማሪ ነው።

«ክሪስታሉ የት ነው?»

«የትናየት?»

«ክሪስታሉ።»

«የመድኃኒት ካፕሱል ውስጥ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ነጥቧስ?»

«አለች።»

የእህል ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። «ይጸዳ ተብሎ አልነበረም?»

«ተብሎ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ። ፈሳሹ አልቋል አልኳቸው።»

«አልቆ ነበር?»

«አላለቀም።»

 ከበሮው ይሰማል። ምንድን ነው የምሰማው አለኝ፤ አሸንድዬ ነው አልኩት። ከዚያ ነገርኩት። ስለ ሰሜኑ በር፣ ስለ አባ ቃለሕይወት መቋሚያ፣ ስለ ደቡቡ በር፣ ስለ ቀኝ እጄ።  ተቋረጠ ብዬ ስልኩን አየሁት።

«የሴቶች በር» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ክሪስታል ላይ የሴቶች በር ቀባሽ።» ከዚያ ሳቀ። ያንን ሳቅ ከጀርመኑ ክረምት ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። የሂሊየሙ ቱቦ የፈነዳ ቀን እንዲህ ነው የሳቀው።

ሳቁን እንዲጨርስ ጠበቅኩት። «ኤክስሬይ ውስጥ አስገባው» አልኩት። «የሚያሳየውን ለእኔ አትንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ። ለትምህርት ክፍሉ ንገር፤ ዶክተር ባሉበት፣ ጫማህን ሳታይ።»

«የትናየት፣ ያን ቀን...»

«ከበሮው አያሰማኝም» አልኩና ዘጋሁት። በደንብ ያሰማ ነበር።

ስወጣ ፈትሂያና እናቴ በሩ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። እናቴ በሩን እያጸዳሁ ነበር አለች። በነጠላዋ።

ነሐሴ 23

ምንም የለም። መብራትም፣ መልስም።

አባቴ ለአቶ ይታገሱ ድንጋዩ በር እንዳለው አስረድቷል። አቶ ይታገሱ ወደዚህ ሲመጡ ያዩኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በአዘኔታ።

ነሐሴ 29

ምናልባት አልሠራውም። ምናልባት ሠርቶት ጫማው ጋር እየተማከረ ነው። ወይም እኔ ተሳስቻለሁ፤ እጄ ያን ቀን ሌላ ነገር ሠርቶ ይሆናል። ሰው በራሱ እጅ ላይ እንዴት ይምላል?

መልሱን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሆነ። ስድብ የለበትም። እኔው አንብቤው አላወቅኩትም።

ጳጉሜን 2

ፈትሂያ በዝናብ እየሮጠች መጣች። ስልኬን እሷ ጋ ቻርጅ ላይ ትቼው ነበር፤ ተከፍቶ ስለነበረ አየሁት እንጂ አልከፈትኩትም ብላ ማለች።

የኤክስሬዩ ምስል። ከሥሩ ኢያቄም ሦስት ቃል ጽፏል፤ «ምሥራቅ በቀኝ ነው።»

ቁጭ አልኩ። ተነሣሁ። እንደገና አየሁት። ነጥቧ በተሻጋሪው አቅጣጫ ላይ ናት። ጠንካራው በቀኟ በኩል። ዜሮው ጠንካራው አቅጣጫ ላይ ነው። እንዳልኩት። እንደለካሁት።

ቀጥሎ ረጅም መልእክት ነበር። ትናንት የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነገራቸው። ዶክተር አላቋረጡትም። ሲጨርስ ምስሉን ጠይቀው ወስደው ለብቻቸው አዩት፤ ከዚያ ክሪስታሉን ይዘው ራሳቸው ኤክስሬዩ ጋ ሄዱና ደገሙት። ሁለት ጊዜ። እኔም ብሆን እደግመው ነበር። ጽሑፉ እንዳይላክ አስቆሙ። ሁሉም ሲወጣ ለኢያቄም «ፈሳሹ መቼ ነው ያለቀው?» አሉት። አላለቀም ነበር አላቸው። በሩን ዘግተው ወጡ።

አንድ ገጿን መልስ ላክሁ። «የነጥቡ አቀማመጥ ከላብራቶሪው ደንብ ውጭ የሆነው በእኔ ልማድ ነው፤ ልኬቱ ግን ትክክል ነው» ይላል። ፈትሂያ ያለፈው ይሻል ነበር አለች።

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ክሱ ተሰረዘ። ለጥቅምት ተመለሺ ይላል ደብዳቤው። ከአንድ መስመር አይበልጥም። ሲከሱኝ ሁለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ደወሉ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁኝ። ጽሑፉ እንደገና ይጻፋል አሉ፤ ስምሽ መጀመሪያ፣ ኢያቄም ቀጥሎ፣ እኔ መጨረሻ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተናገሩም። ጠበቅኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፎቶውን ባሳይሽና ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?» አሉ።

«ያን ቀን? አላውቀውም ነበር» አልኩ። እውነቱ ይህ ነው። «ቢጠይቁኝ ግን እፈልገው ነበር።»

«ይገባል» አሉ። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው። ከዚያ «ነጥቡን ግን ከእንግዲህ በደንቡ አድርጊ» አሉ። እሺ አልኳቸው። እጄ እሺ አላለም።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ለሁልጊዜ አይደለም እንግዲህ» አለ። አይደለም አልኩት። ሻንጣዬን አየና በእግሩ ገፋ አደረገው፣ እንቅፋት እንደሆነበት ሁሉ።

መስከረም 9

ጽሑፉን እየጻፍን ነው፤ እኔ ከዚህ፣ ኢያቄም ከዚያ፣ ፈትሂያ በመካከል፣ በየሰዓቱ እያነበበች። በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጣላን። እሱ «በጠንካራው አቅጣጫ ለውጡ ዜሮ ነው» ብሎ ጻፈ። አይባልም አልኩት። ዜሮ መሆኑን ማን ያውቃል? መሣሪያችን የሚያየው እስከ አንድ ልክ ነው። ከዚያ በታች የሚሆነውን አናይም። «መሣሪያችን ከሚለየው በላይ የሆነ ለውጥ አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ክረምቱን ሙሉ ዜሮዬ፣ ዜሮዬ ስትይ ከርመሽ አለኝ። ተወው፣ አርመው አልኩት። አረመው።

ከዚያ ዐረፍተ ነገሩን ብቻዬን ሳነበው ቆየሁ።

ሰኔ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነበር። ክርኖቻችን ይነካካሉ። ንቅንቅ አላለም፤ አይቻለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ ደብተር ግማሹ እሱ ነው። በዚያው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አንድ ካፕሱል አስገብቶ፣ ፈሳሽ አልቋል አለ፣ ሁለት ጊዜ። ዜሮ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። መሣሪያዬ ከዚያ በታች አያይም ነበር።

ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩትም። ግማሹን።

ለመስቀል ላሊበላ ብመጣ ቦታ ይኖራል ወይ ብሎ ጽፏል። አውሮፕላኑ ቦታ አያጣም፣ አልኩት። እናቴ ከአሁኑ የእንግዳ አልጋ ታጸዳለች፤ ለማን እንደሆነ ሳልነግራት። ቤተ ክርስቲያን ከመጣ በየትኛው በር እንደሚገባ አባ ቃለሕይወት ያሳዩታል። እኔ አልነግረውም። ነጥብ አንብቦ ይሞክር።